ካፖርቱን የሸጠው ሰው

ጥቁር ልብሴን ለማውለቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስኔልቪል የሚኖሩት እትዬ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሐዘኔን እንደ ታላቅ እህት የያዙልኝ ሴት፣ ትናንት ደውለው «ለሙት ዓመቱ የምትለብሽው ነጭ ቀሚስ አለሽ ወይስ ላሰፋልሽ?» አሉኝ። «አለኝ» አልኳቸው። ባሌን ይቅር ሳልለው ጥቁሩን ማውለቅ እንደማልፈልግ ግን አልነገርኳቸውም።

ሰው የሚያውቀኝ ባሏ ሞቶባት የምታለቅስ ሴት አድርጎ ነው። ማልቀሱንስ አለቅሳለሁ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቼው ነው የከረምኩት። በሞተ ሰው መቆጣት ደግሞ ለማን ይነገራል? ስለዚህ እጽፋለሁ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። አገር ቤት ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ድርሰቱ የተምታታበትን ተማሪ «ከመጀመሪያው ጀምር» እለው ነበር። የኔ መጀመሪያ የት እንደሆነ ስፈልግ ቆይቼ ከመኪናው ልጀምር ብያለሁ።

ባሌ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ እየጫነ ተርሚናል የሚያደርስ ሻትል ይነዳ ነበር። እኔ ደንዉዲ ውስጥ፣ ከአፓርታማችን አሥር ደቂቃ በሚርቅ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ሙቀትና ግፊት እለካለሁ፣ ትንፋሽ እቆጥራለሁ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ ሰዓቴን እያየሁ እቆጥርና ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ይህን የጻፍኩት ስለ ሥራዬ ለማውራት አይደለም። በኋላ ስለምመለስበት ነው።

የባሌ የራሱ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ የሚጫወተው ታንጎ ነበር። ታንጎ ስል ሰው ሁሉ ዳንሱን ያስባል። እሱ ግን ታንጎን በጆሮው እንጂ በእግሩ አያውቀውም። አንድ ቀን ሳሎናችን ውስጥ ላሳይሽ ብሎ ወገቤን ይዞ ሁለት እርምጃ ሄድንና ሦስተኛው ላይ ጣቴን ረገጠኝ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። «እግሬን ተዪው፤ ግጥሙን ነው የማውቀው» አለኝ።

ግጥሙን የሚያውቀው ስፓኒሽ ስለሚችል ነው። አባቱ በጦርነት የሞተ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን እንደሱ ካሉ ብዙ ልጆች ጋር ኩባ ተልኮ እዚያ አደገ። የሒሳብ አስተማሪው አንዲት ወፍራም አሮጊት ነበረች ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የትምህርት ቤቱን ብርቱካን ሲለቅሙ ከዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታንጎ ትዘፍንላቸዋለች። ዘፈኑ የሌላ አገር፣ የወደብ ከተማ ሰዎች ዘፈን ነው። እሷ ግን እንደ ራሷ ታሪክ እያለቀሰች ነበር የምትዘፍነው። «አንድ ትልቅ ሰው ሐዘኑን በግልጽ ሲናገር ያየሁት ያኔ ነው» ብሎኛል። «እኛ ቤት አባቴ ሲሞት ማንም ምንም አልነገረኝም። ጎረቤት ሄደህ እደር ተባልኩ። ስመለስ አልጋው ተነስቷል።»

ቅዳሜ ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ነበርን። ልጃችን ቤት ውስጥ የአባቷን ዘፈን ስትሰማ «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» እያለች ስለምታላግጥብን፣ ወርደን አፓርታማው ሥር ፓርክ ባደረገው መኪና ውስጥ እንቀመጣለን። እሱ አንድ ዘፈን ደጋግሞ ይከፍትና ስፓኒሹን በደብተር ግራ ገጽ ላይ ይጽፋል። በቀኝ ገጽ ላይ አማርኛውን። እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ሌላ ባልና ሚስት ቅዳሜን እንዴት እንደሚያሳልፍ አላውቅም። እኛ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አሳለፍን።

«ሕይወቴን ሰጠሁሽ» ብሎ ይጽፋል።

«ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው እንዲህ የሚያወራው?»

«እነሱ ናቸዋ ቲቸር።» ቲቸር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ነው።

«እኛ አገር ሕይወቱን የሰጠ ሰው 'ምሳ በልተሻል ወይ' ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ታዲያ ምን ልጻፍ? ምሳ በልተሻል ወይ?»

ተሳስቀን ለሌላ ቅዳሜ እናሳድረዋለን። ሌላም አመል ነበረው፤ ግጥሙ ላይ ይጨምራል። ሰውዬው ብቻውን ከቀረ ባሌ በአማርኛው ውሻ ይሰጠዋል። ሴቲቱ በብርድ ከወጣች ነጠላ ያለብሳታል። እኔ ስፓኒሽ ባልችልም መስመር ቆጥሬ እይዘዋለሁ።

«ይሄ ኦሪጅናሉ ላይ አለ?»

«ትንሽ ናት የጨመርኳት።»

«ውሻው አለ ወይ ነው የምልህ።»

«የለም። ግን ምን አለበት? አሳዘነኝ።»

ውሻውን በቀይ እሰርዛለሁ።

በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ቀስ በቀስ ለመድኳቸው። ሰፈራቸውን ሁሉ አውቀው ነበር፤ ወደብ ዳር፣ ጭቃው የማይደርቅ መንገድ፣ አንድ መብራት ያለበት ጥግ። ሁሉም ይወራረዳሉ። አንዱ በካርታ፣ አንዱ በፈረስ፣ አንዱ በቢላዋ። ምንም የሌለው ስሙን ያስይዛል። ሴቲቱ ከእናቷ ቤት ወጥታ ከአንድ ሰው ጋር ወደማታውቀው ከተማ ስትሄድ ራሷን ነው የምታስይዘው። ከዚያ ይሸነፋሉ። ታንጎ ውስጥ ያሸነፈ ሰው ካለ ማንም አልዘፈነለትም። መጀመሪያ ላይ አውቀው የጠፉ ሞኞች መስለውኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የዲቪ ፎርም የሞላንበት ቀን ትዝ አለኝ። እኛስ ስማችንን ጽፈን ዕጣ ውስጥ የጣልን ሰዎች አይደለንም? ዕጣው ወጣልን። እኔ ያስያዝኩት እናቴን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ ይል ነበር። ታንጎ ውስጥ መሥዋዕት የሚሆን ሰው ሁሉ ይናገራል። ልብስ እየሰፋች ዓይኗን ለልጇ የጨረሰችው እናት፣ በወንድሙ ፈንታ እስር ቤት የገባው፣ ሁሉም መሸታ ቤት ተቀምጠው ለሰማይ ለምድሩ ያወሩታል። ባሌን እንዲህ አልኩት፤ «ለሰው ሲል የተጎዳ ሰው ተጎዳሁልሽ ብሎ ከዘፈነ ምኑን ተጎዳላት? ዝም ማለት ነበረበት።»

«ዝም ካለ እሷ በምን ታውቃለች?»

«ማወቅ አለባት እንዴ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «አይ ቲቸር» አለ። ያን ቀን ያልኩትን መልሼ መውሰድ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

እናቴ ከመታመሟ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ጎረቤታችን አባቷ አገር ቤት ሞቱባት። ለነርስነት ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀች ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚህም ያው ነው። ሰብሰብ ብለን ተማከርንና ፈተናዋን እስክትጨርስ ይቆይ ተባለ። ዘጠኝ ቀን ደበቅናት። እኔ በየቀኑ እየደወልኩ «አንቺ ሰነፍ፣ አጠናሽ?» እላት ነበር። እሷም ትስቃለች። በዘጠነኛው ቀን ማግስት፣ ቅዳሜ ማለዳ ሳይነጋ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ቆምን። በሩን ከፍታ ሁላችንንም ስታየን ገባት። ከልቅሶው መሃል ያለችው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስስቅ ዝም አላችሁኝ!»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ባሌን «እኔ ብሆን ትደብቀኝ ነበር?» አልኩት።

«አንቺን? አንቺ ፊቴን ታነቢያለሽ። በየት በኩል ነው የምደብቅሽ?»

እናቴ በኅዳር መጀመሪያ ወደቀች። ሄድኩ። ለሦስት ሳምንት ብዬ የሄድኩት አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ተመለስኩ። ስለ እናቴ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ብቻ አጠገቧ ነበርኩ። ሌሊት ውሃ ስትል የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ጸጉሯን በየሁለት ቀኑ አበጠርኩላት። በጥር አጋማሽ፣ ከምሳ በኋላ፣ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ዐረፈች። አርባዋን አውጥቼ ነው የመጣሁት።

በእነዚያ ወራት ባሌ በየቀኑ ይደውላል። «ምሳ በልተሻል?» ይለኛል። ኅዳር ሊያልቅ ሲል «ልመለስ እንዴ? እሷ ገና ትቆያለች ይላሉ» ብዬው ነበር። «እንዳትመጪ። እስከ መጨረሻው ሁኚ» አለኝ። «አንተስ?» «እኔ ምን እሆናለሁ? እዚህ ሞቃት ነው።» አትላንታ ክረምት ገብቶ ነበር።

ኤርፖርት ሊቀበለኝ ሲመጣ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ከስቶ ነበር፤ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ጾም ነዋ» አለኝ። ወደ አፓርታማችን ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ ቆመ። «ጾም ነው» አለኝ ደግሞ። ጫማው ማሰሪያው ላልቶ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦበት መሆኑን አሁን አውቃለሁ። በሥራ ቦታዬ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ሆኖ ባየው ሮጬ ነርስ እጠራለሁ። ባሌን ግን ጾም ነው ሲለኝ አመንኩት። የኛ ሰው በጾም ሲከሳ እንደ ክብር ይቆጠራል እንጂ ማንም ሐኪም ቤት አይወስደውም።

በመጣሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ተሳፋሪ ጭኖ ነበር። ሻትሉን ከመንገድ አወጣ፣ አቆመ፣ አራቱን የፍሬቻ መብራት አበራ፣ ለተሳፋሪዎቹ በሩን ከፈተላቸው። ከዚያ በኋላ ነው መሪው ላይ የተደፋው።

በአርባው ማግስት ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ከልብ ሐኪም የመጣ ደብዳቤ አገኘን። ልጄ ናት የከፈተችው። ለቀብር ከኮሌጅ መጥታ ገና አልተመለሰችም ነበር።

«ማሚ፣ ይሄ ዳዲ አፖይንትመንት ሚስ አድርጓል ይላል።»

«የምን አፖይንትመንት?»

ደግማ አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «ኦፕሬሽን። የልብ። ማሚ፣ ዴቱ… ኖቬምበር ነው የነገሩት። ኖቬምበር!»

የልቡ በር፣ ቫልቩ፣ ተበላሽቶ ነበር። በኅዳር አውቋል። በኅዳር ነው ልመለስ ወይ ያልኩት። ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና «ላይክ፣ በየቀኑ ነው የዋሸን» አለች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት አጠብኩ።

ነገሩ ሲሰማ ለቀስተኛው ሁሉ ባሌን አመሰገነው። «ለሚስቱ ብሎ!» «እናቷን በሰላም ትቅበር ብሎ!» «የዛሬ ዘመን እንዲህ ያለ ወንድ የት አለ!» ይሄን ሲሉ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። የማለቅስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በውስጤ፣ አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ሕይወት ላይ ብቻህን ተወራረድክ፣ እላለሁ። ካርታውን ሳታሳየኝ።

በሐዘን ቤት ዓመት ሙሉ ሙዚቃ አይከፈትም። እትዬ ገና በሦስተኛው ቀን ሬዲዮናችንን ከሶኬቱ ነቅለው ገመዱን ጠቅልለውት ነበር። የባሌን መኪና ግን ማንም አላሰበውም። ሥራ ለመመለስ መኪናውን ባስነሳሁ ቀን ታንጎው ካቆመበት ቦታ ቀጠለ፤ ከመሃል፣ ከአንድ ረጅም ድምፅ መሃል። እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩና መልሼ አወረድኩት። እስኪያልቅ ሰማሁ። ከዚያ ደገምኩት። ሥራ አርፍጄ ገባሁ።

ኃጢአት መስሎ ስለከበደኝ ለእትዬ ነገርኳቸው። በስልኩ ውስጥ ሲያስቡ ይሰማኛል።

«መኪና ውስጥ ነው ወይስ ቤት ውስጥ?»

«መኪና ውስጥ ነው እትዬ።»

«መኪና ቤት አይደለም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «መስኮቱን ግን ዝጊ።»

መስኮቱን ዘግቼ ስሰማ ከረምኩ። ደብተሩን ያገኘሁት በበጋው ነው፤ የመኪናውን ወረቀት ስፈልግ ከፊት መሳቢያው ውስጥ። ገጾቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ቀይ በቀይ ናቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ቀይ አልነበረም። እኔ እናቴ ዘንድ ሳለሁ ብቻውን የጻፈው ነው።

ግጥሙ ይህ ነው። አንድ ሰው በክረምት ካፖርቱን ሸጦ ለሚስቱ የባቡር ቲኬት ይገዛል። በጣቢያው ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ይሸኛታል። «ካፖርትህስ?» ትለዋለች። «አልበረደኝም» ይላታል። መሬቱ በረዶ ነው። ከዚያ የባሌ አማርኛ እንዲህ ይላል፤ «እሷም ሳታውቅ ተሳፈረች፤ ባቡሩም ሄደ።» መጨረሻው ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተቆጣሁ። መናገሩንስ ተናግሯል፣ ግን ለደብተር! በኋላ ግን የድሮ አመሌ መጣ፤ መስመር ቆጠርኩ። ግራው ከቀኙ አጠር ያለ መሰለኝ። ጨምሯል። ምን እንደጨመረ ለማወቅ ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። እሱም ሆነ እኔ የምናውቃት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ኢስት ፖይንት ሻትሎቹን በሬዲዮ የምታሰማራው ዲስፓቸር። ኮሎምቢያዊት ናት። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆማ፣ ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ለመሄድ ግን ወራት ፈጀብኝ። ባለፈው ሳምንት ነው የሄድኩት። የባሌን የሥራ ጃኬት ለመመለስ የመጣሁ አስመሰልኩ። ቢሮዋ ከሻትል መቆሚያው ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ከአውሮፕላን ድምፅ የተነሣ ይንቀጠቀጣል። ሁለታችንም የምናወራው በተሰበረ እንግሊዝኛ ነው። ጃኬቱን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው እንጂ መደርደሪያው ላይ አላስቀመጠችውም። ደብተሩን ሰጠኋት።

ግራውን ገጽ እያነበበች ፈገግ አለች። «ይህን አባቴ ይዘፍነዋል» አለችኝ። የተወለደችበት ከተማ ሰው ታንጎ የራሱ እንደሆነ ነው የሚያምነው። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ሁለት መስመር አንጎራጎረች። ከዚያ ቆመችና «እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው» አለች፤ የተቀመጥኩበትን ወንበር እያሳየች። «ሐኪሙ ከነገረው በኋላ።»

«ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።» ፊቴን አየችው። «ለሚስትህ ንገራት አልኩት። ብዙ ጊዜ አልኩት። ጮህኩበት። ከነገርኳት ትመጣለች፣ እናቷ በር በር እያየች ትሞታለች፣ አለኝ። ኦፕሬሽኑን ካደረግኩ ቤት የሚያስታምመኝ ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ እሷ ስትመለስ ይሆናል፣ አለ። አንቺ ስትመለሺ ደግሞ ጥቁር ለብሰሽ መጣሽ። ትንሽ ትረፍ፣ ከሐዘኗ ትውጣ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ፣ አለኝ። እኔም ቀለል ያለ ሥራ እየሰጠሁት ሁለት ሳምንት ስቆጥር ነበር።»

የኔን መርዶ እንኳ ቀን ቆርጦለት ነበር ማለት ነው። እንደዚያች ጎረቤታችን፣ ከፈተና በኋላ።

ለእሷ ነግሯት ለእኔ አለመንገሩ እንደ ጥፊ አቃጠለኝ። ልነሳ ነበር። ግን የመጣሁበትን ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም። የመጨረሻዎቹን መስመሮች በጣቴ አሳየኋትና «ሴቲቱ ሳታውቅ ተሳፈረች ይላል?» አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ ደግማ አነበበች። «አይልም። ካፖርትህስ አለችው፣ አልበረደኝም አላት፣ ተሳፈረች። ይኸው ነው።»

«ሳታውቅ የሚል የለም?»

«የለም። እንዴት ሳታውቅ? በረዶ ነው። የሰውዬው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። እሷ ዕውር ናት?» ደብተሩን መለሰችልኝ። «አባቴ ሁልጊዜ የሚለው፣ ይህ ዘፈን የሴቲቱ ነው። አውቃ ነው የተሳፈረችው። ሁለቱም ናቸው የሸጡት።»

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ብዙ ተቀመጥኩ። ሻትሎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱም የሱ አይደለም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። በታኅሣሥ አንድ ቀን ባሌ ሲደውል ደረጃ እየወጣ ነበር። በሩ ጋ ደርሶ ቁልፍ እስኪያወጣ ዝም አለ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰዓት ነበር። ሳላስበው፣ እንደ ሥራዬ፣ ቆጠርኩ። በደቂቃ ሠላሳ። በሥራዬ ሠላሳን ያየ ሰው ቁጭ አይልም። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እረሳው ዘንድ ብዙ ጥሬያለሁ። «ደክሞሃል?» አልኩት። «ዕቃ ይዤ ነው» አለኝ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ስሜን ጠራች። «በል ነገ እንነጋገር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ አልጠየቅኩትም። ከዚያም በኋላ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከነገረኝ መምጣት ነበረብኝ።

እሱ ደብቆኝ ነበር፤ እኔም መደበቁን ረድቼዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በሱ ላይ የተቆጣሁት ወደ ራሴ እንዳልዞር ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ይህ ነው፤ የእናቴን እጅ ይዤ የቆየሁባቸውን እነዚያን ወራት መልሺ ብባል እንኳ አልመልስም። እሱንም ግን እስክሞት እናፍቀዋለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን መርጦ መጻፍ አልቻልኩም።

እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቀው አልቀረም። ፊቴን ባያይም ድምፄን ሰምቷል። ለዚህ ነው በደብተሩ ላይ «ሳታውቅ» ብሎ የጨመረው። ለብቸኛው ሰውዬ ውሻ እንደሚሰጠው፣ የበረዳትን ሴት ነጠላ እንደሚያለብሳት፣ ለእኔም ይህችን አንዲት ቃል ሰጠኝ። ሳገኛት እንድለብሳት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ደብተሩን መሪው ላይ ዘረጋሁ። ቀይ እስክሪብቶው ደርቆ ነበር፤ ጣቴ ላይ እስኪጽፍ ድረስ ቆየሁ። ከዚያ «ሳታውቅ» የምትለዋን ሰረዝኳት። በጠርዙ ላይ፣ ለዘጠኝ ዓመት እንደማደርገው፣ «ኦሪጅናሉ ላይ የለም» ብዬ ጻፍኩ። አሁን መስመሩ «እሷም ተሳፈረች፤ ባቡሩም ሄደ» ይላል።

ብዙ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ ካለቀስኩት ለየት ያለ ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም።

ማታ ነጩን ቀሚስ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ለካሁት። ወገቡ ላይ ሁለት እጅ ያስገባል። ለእትዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ቀሚሱ ሰፍቶኛል። ያጥብቡልኝ።»

«ምነው? ይህን ያህል ከሳሽ? ጾሙ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

እሺ ብል ጥያቄው ያበቃ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ሁሉም ሰው ከስቷል።

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው። «ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነው። እንቅልፍም የለኝም። ደግሞም የምነግርዎ ነገር አለ።»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ተቀምጫለሁ» አሉኝ፤ «ንገሪኝ።»